የበርበሬ ተራ ጳጉሜ

አምለሰት ፊደል አልቆጠረችም፤ ሰው ስትቆጥር ግን አንድ አይስታትም። ከፍኖተ ሰላም አስፋልት ወረድ ብሎ ባለው በርበሬ ተራ፣ ከሾላው ዛፍ ሥር አርባ ዓመት ስትቀመጥ ማን ሚስቱን አስከትሎ እንዳለፈ፣ ማን የሰው ሚስት አስከትሎ እንዳለፈ፣ ማን ዛላ ቀምሶ «ይህማ አያቃጥልም» እያለ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ፣ ሁሉንም በልቧ ይዛዋለች። ጽፈው የሚይዙት ይረሳሉ፤ እሷ አትረሳም።

ከማትረሳው ሁሉ የሚብሰው የእንቅቡ ነገር ነው። ዓመቱ ብዙ ነው። አንድ ባለ ካሜራ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ከተማይቱን ላነሳ ብሎ ከሾላው ፊት ለፊት ቆመና፣ «እማማ፣ እስቲ ዘወር ይበሉልኝ፤ እንቅብዎ ገባብኝ» አላት። ያን ጊዜ እማማ የምትባል ሴት አልነበረችም፤ እሱ ራሱ አንድ በደል ነው። በርበሬ የሞላ እንቅቧን ታቅፋ ዘወር አለችለት። ሰውየው ባዶ መንገድና የማንንም ግድግዳ አንስቶ፣ አመስግኖ ሄደ። ከተማ ማለት ግድግዳ ይመስል! ከዚያ ወዲህ የፍኖተ ሰላም ፎቶ በተሰቀለበት ሁሉ እየቆመች ታያለች፤ አደባባዩ አለ፣ ፎቁ አለ፣ የበርበሬ ተራ ግን ዘር የለም።

ባለፈው ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ ሰኞ፣ ሳሌም ወደ ሾላው ሥር መጣች። ሳሌም የሰፈር ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር ተምራ መጥታ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት ከፍታለች። ሱሪ ትለብሳለች፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ ተቆርጣለች፤ ሰላምታ ግን ታውቃለች፣ ጎንበስ ብላ ጉልበት ትስማለች። ስለዚህ አምለሰት ሱሪውን ምራላታለች።

«እትየ አምለሰት፣ ለአዲሱ ዓመት ካላንደር እየሠራሁ ነው» አለች ሳሌም። «አሥራ ሦስት ወር፣ አሥራ ሦስት ፎቶ። የኛ አገር መንገድ፣ የኛ አገር ገበያ፣ ሰው በየዕለቱ እያየ የሚያልፈው ነገር። ደምበጫን አውቶቡስ ቆሞ ሰው ሲሳፈር አንስቻለሁ። ጅጋን ገበሬው ለገበያ ሲገባ፣ ፈረስ ቤትን በጭጋግ። አሥራ ሁለቱ አልቋል።»

«ቡሬስ?»

ሳሌም አመነታች። «ቡሬ ሦስት ገጽ አላት።»

«ሦስት!»

«መንገዷ ለፎቶ ይመቻል፣ እትየ።»

«ሦስት ወር ማለት ዘጠና ቀን ነው፣ አንቺ ልጅ! ዘጠና ቀን ሙሉ የቡሬን መንገድ ሳይ ልከርም ነው? ምን ቀረሽ?»

«ጳጉሜ ቀርታኛለች። እሷን ለበርበሬ ተራ አስቤ ነበር።»

አምለሰት በጣቶቿ ቆጠረች። ሳትናገር መቁጠር ልማዷ ስላልሆነ፣ አጠገቧ የምትሸጠው ውዳሴ የታመመች መስሏት ቀና ብላ አየቻት።

«ለቡሬ ዘጠና፣ ለኛ አምስት» አለች አምለሰት በመጨረሻ። «ይሁን፣ ተቀብያለሁ። ትንሽ ከሰጠ አምላክ ጋር አልጣላም፣ ከአንቺ ጋር ምን ያጣላኛል?»

«ግን ዓርብ ከሰዓት ወደ ማተሚያ ቤት መላክ አለብኝ። እስከዚያ ጥሩ ፎቶ ካልወጣልኝ፣ ከቡሬ ያነሳሁት አንድ ትርፍ አለ፤ እሱን አስገባዋለሁ።»

ይህን መናገር አልነበረባትም። ቡሬ ላይ የአምለሰት የባሏ እህት አየለች ትኖራለች። አየለች ደግሞ ካሜራው በበሯ ሲያልፍ በሯ ላይ ስለተገኘች ጥቅምት ላይ መውጣቷን ሰምታ፣ ከሰኔ ጀምሮ በየሳምንቱ ስልክ እየደወለች፣ «እኔ እንግዲህ ጥቅምት ነኝ፤ እናንተስ ምን ናችሁ?» ስትል ከርማለች። አምለሰት በዚያው ቀን ራሷ ደወለችላት።

«እኛ መጨረሻ ላይ ነን» አለቻት። «ክብር የሚቀመጠው መጨረሻ ላይ ነው። ታቦት እንኳ ከሰልፉ ሁሉ ኋላ ነው የሚወጣ።»

ከዚያ ለተራው በሙሉ አወጀች። ማክሰኞ ጠዋት ፎቶ አለ፤ ንጹሕ ያልለበሰ ድርሽ እንዳይል።

የበርበሬ ተራ ሰው ትእዛዝ አይወድም፤ የአምለሰትን ምላስ ግን ከትእዛዝ ይልቅ ይፈራል። ማክሰኞ ገና ሳይረፍድ መንገዱ ተጠረገ። በፀሐይ ሊሰጣ የነበረው በርበሬ በየቤቱ ተከተተ። አህዮቹ ተባረሩ። የሾላው ግንድ እስከ ወገቡ ኖራ ተቀባ፤ ምስኪን፣ ዕድሜውን ሙሉ እንዲያ ተሸማቆ አያውቅም። ሴቶቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ተሰለፉ። የቀረው ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ፣ ገነነ ነበር።

አምለሰትና ገነነ ከሦስት ዓመት በፊት በጣሪያ አሸንዳ ተጣልተዋል። የክረምት ውሃ ከቤቱ አሸንዳ እየወረደ ስጧን አጠበባት፤ «አሸንዳህን አዙር» አለችው፤ «ስጥሽን አዙሪ» አላት፤ በዚያው በቃል ሳይገናኙ ቀሩ። ችግሩ የበርበሬው ብናኝ መንገድ እየተሻገረ ገነነን በቀን አሥር ጊዜ ማስነጠሱ ነው። ያስነጠሰን ሰው «ይማርህ» ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው፤ ለገነነ መናገር ደግሞ ለአምለሰት ሞት ነው። ስለዚህ እሱ ባስነጠሰ ቁጥር ውዳሴን በክርኗ ጎሸም ታደርጋታለች፤ ውዳሴም በእሷ ፈንታ «ይማርህ!» ብላ ትጮኻለች። ሦስት ዓመት ሙሉ የውዳሴ ጎን አልዳነም።

«ለዚያ ሰውየ ንገሪው» አለች አምለሰት ለውዳሴ። «በረንዳው ላይ ያንጠለጠላትን ሰማያዊ ሸራ ያውርዳት፤ አሮጌ ናት፣ ታዋርደናለች።»

ገነነ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል፣ «ለዚያች ሴትዮ ንገሪያት» አለ። «ሸራዬ ያረጀችው ከፀሐይ አይደለም፣ ከምላስ ነው።»

ሸራዋ ሳትወርድ ሳሌም ደረሰች። ካሜራዋን አነሳች፣ አወረደች። ግራ ቀኝ አየች።

«እትየ፣ በርበሬው የታለ?»

«አስገባነዋ!»

«አህዮቹስ? ያ ሁሉ ጭቅጭቅስ? ሰዉ ምን ሆኖ ነው የቆመው?»

«ፎቶ ሊነሳ ነዋ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማሽም? ወረቀት እንዴት አድርጎ እንደሚይዘኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ቤትሽ እንግዳ ሲመጣ ስጥ ላይ ታስቀምጪዋለሽ?»

«እትየ፣ በእናትዎ! እኔ የምፈልገው እንደ ወትሮው ነው። ነገ እመለሳለሁ። እንደ ወትሯችሁ ሁኑልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አምለሰት ሌሊቱን ስለ ወትሮ ስታስብ አደረች። ረቡዕ ጠዋት ሁሉንም ሰብስባ ወትሮን አከፋፈለች። አንዷ እንድትመዝን፣ አንዷ እንድትዘግን፣ ውዳሴ ገዢ ሆና መጥታ በዋጋ እንድትከራከር። አንዲት አህያም ከጎረቤት በልመና መጣች። በርበሬ ግን አንድ እንቅብ ብቻ ወጣ፤ ተጨማሪ ይቆሽሻል ብላ አምለሰት ከለከለች። ነጩን ልብስም ማውለቅ የደፈረ የለም።

ሳሌም ካሜራዋን ስታነሳ ውዳሴ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«በርበሬ ስንት ነው?» አለች፣ እንደ ቅዳሴ ተሰጥኦ።

«ወትሮ ስንት ነው የምልሽ?» አለች አምለሰት ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ወትሮ ሻጭ ነኝ!»

ማዶ ገነነ መርፌውን ጥሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ማስነጠስ ዞረ፤ አምለሰት ጎሸም ልታደርግ ክርኗን ብትሰድ ውዳሴ ከሩቅ ገዢ ሆና ቆማለች። «ይማርህ» የሚል ጠፋ። ሁሉም ሰው እንደ ተከሰሰ ሰው ዳኛውን፣ ማለት ካሜራውን፣ አፍጥጦ ያያል። አህያዋ ብቻ እንደ ወትሮዋ ነበረች።

ሳሌም ያነሳችውን በካሜራዋ መስታወት አሳየቻት። አምለሰት አየችው። መዋሸት አትወድም፣ ራሷንም ቢሆን።

«ለቀስተኛ መስለናል» አለች።

«አዎ፣ እትየ።»

«የሞተው ማን ነው?»

«ጳጉሜ ሳትሞት አትቀርም» አለች ሳሌም፤ ሁለቱም ሳቁ። አምለሰት ግን ወደ እንቅቧ ተመለከተች። አንድ ጊዜ ዘወር በይ ብለው አስወጧት፤ አሁን ደግሞ ግቢ ሲሏት መግባት አቃታት። ይህ ከእንቅቡ ይብሳል።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። በየቤቱ የተከተተው በርበሬ እርጥበት ጠጥቶ መሽተት ጀመረ። አየለች ደወለች። «ሳሌም አራተኛ ልትጨምርልን ነው አሉ፣ እውነት ነው እንዴ የኔ እህት?» ብትላት፣ አምለሰት «ኔትወርክ የለም» ብላ ዘጋችው። ኔትወርኩ እንደ መስታወት ነበር።

ዓርብ ግን ፀሐይዋ ምንም እንዳላደረገች ሆና ወጣች። አምለሰት ነጩን ልብስ በእግሯ ወደ ጥግ ገፋችው። «ፎቶው ገደል ይግባ! በርበሬዬ ሊሻግት ነው» አለችና የሥራ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ የላስቲክ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ተራው በሙሉ ወጣ። ሦስት ቀን የታፈነው በርበሬ ሁሉ በኬሻና በሸራ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተዘረጋ። መንገዱ ቀላ፤ ከሾላው እስከ ገነነ በረንዳ እግር ማስቀመጫ ጠፋ። ባጃጅ ነጂው መጥቶ ጡሩንባ ነፋ፤ አምለሰት «በሰማይ እለፍ!» አለችው። ዞሮ ሄደ።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ሳሌም መጣች። ካሜራው አንገቷ ላይ አለ፤ እጆቿ ግን ኪሷ ውስጥ ናቸው። ከአስፋልቱ ስትወርድ ያን ሁሉ ቀይ ልብ ሳትል፣ ያዘጋጀችውን ንግግር እየደጋገመች ነበር የመጣችው።

«እትየ፣ ይቅርታ ልልዎ ነው የመጣሁት። ከሰዓት መላኬ ነው፤ የቡሬን...» አለችና ቃሉን ሳትጨርስ ቆመች። ዓይኗ መንገዱ ላይ ፈጠጠ።

አምለሰት ግን ከእሷ ትከሻ በላይ ሰማዩን እያየች ነበር። በፈረስ ቤት በኩል ደጋው ጠቁሯል። ነፋስ መጣ፣ የሾላው ቅጠል ተንሾካሾከ፤ አንድ ወፍራም ጠብታ ዛላ ላይ ጠብ አለ።

«ስጥ!» ብላ ጮኸች አምለሰት። «ስጡን!»

በዚያ አገር አንድ ሕግ አለ፣ ማንም አልጻፈውም፣ የሚሽረውም የለም። ስጥ ሲዘንብበት ያየ ሰው አያልፍም። የጠላቱ ስጥ ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሄድ፣ ሙሽራ ቢሆን፣ ጎንበስ ብሎ ያፍሳል። ጠቡ ከታፈሰ በኋላ ይደርሳል። ከአስፋልቱ ላይ መንገደኛ ወረደ። ያ ባጃጅ ነጂ ባጃጁን መሀል መንገድ ጥሎ መጣ። የቅኔው መምህር መሪጌታ እንድሪያስ ከደብሩ ሲመለሱ ደርሰው፣ ጥቁር ጥላቸውን ገልብጠው በርበሬ ይዝቁበት ጀመር። ዶፉ ወረደ።

ሳሌም ካሜራዋን ወደ ዓይኗ አነሳች።

«አንቺ!» አለች አምለሰት፣ በእንቅብ እየዛቀች። «ስጥ ሲረጥብ ቆሞ ማየት ማን አስተማረሽ? ባሕር ዳር ነው?»

«እትየ፣ እኔ እኮ የምፈልገው ይህንን ነው!»

«እኔ ደግሞ በርበሬዬን ነው የምፈልግ! ነይ ያዥ!»

ሦስት ቀን ፎቶ ፎቶ ስትል የሰነበተች ሴት ናት ይህን ያለችው፤ ሳሌምም የእናቷ ልጅ ናት፣ ካሜራውን ለቀቀችው፤ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ግን ምኑን ትያዝ? ትልቁ የአምለሰት ስጥ ከመሀል ነው፤ ታፍሶ ሳያልቅ ሊታጠብ ነው። ያኔ ከማዶ ትርር የሚል ድምፅ ተሰማ። ገነነ ያቺን ሰማያዊ ሸራ ከበረንዳው ላይ ከነገመዷ ነቅሎ፣ በጭቃው ላይ እየተንሸራተተ ሲሮጥ መጣ።

«ያዢው!» አላት አምለሰትን። በሦስት ዓመት ውስጥ ያላት የመጀመሪያ ቃል ነው። «በዚያ በኩል ሳቢው እንጂ! ምን ታዪኛለሽ?»

ሳበችው። አንዱን ማዕዘን አምለሰት፣ አንዱን ገነነ፣ አንዱን መሪጌታ፣ አንዱን ሳሌም ይዘው ስጡ ላይ ጣሪያ አደረጉለት። ውዳሴና ሌሎቹ ከሥሩ ገብተው ይዝቃሉ። ከላይ ውሃው ይንደቀደቃል፤ ከታች የደረቀው በርበሬ ሲዛቅ ብናኙ ከሸራው ሥር ታፍኖ ይጨሳል። መሪጌታ አስነጠሱ። ባጃጅ ነጂው አስነጠሰ። ውዳሴ አስነጠሰች፣ ሳቀች፣ እንደገና አስነጠሰች። አምለሰት ሻሿ ተንሸራቶ አንገቷ ላይ ወድቋል፣ አንዱ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል፣ ሸራውን በሁለት እጇ ይዛለችና ምንም ማድረግ አትችልም።

ከዚያ ገነነ አስነጠሰ። ሁለት እጁ ሸራው ላይ ስለሆነ አፉን እንኳ መያዝ አልቻለም፤ እንደ በሬ ነው ያስነጠሰው። የአምለሰት ክርን ወደ ጎን ተላከ፤ ውዳሴ የለችም፣ እንቅብ ውስጥ ተደፍታለች። ገነነ ደግሞ አስነጠሰ። ሦስተኛውን ሲደግም፣

«ይማርህ!» ብላ ጮኸች አምለሰት፣ ዝናቡን ለመብለጥ አፏን እስከ ጥርሷ መጨረሻ ከፍታ። «ይማርህ፣ ይማርህ አንተ ሰውየ!»

«ያኑርሽ!» አለ ገነነ ዓይኑን ጨፍኖ። «ያኑርሽ፣ ሳቢው!»

በዚያች ቅጽበት ሳሌም በግራ እጇ ሸራውን እንደያዘች፣ በቀኟ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ካሜራ፣ ሳታይ፣ ተጫነችው።

ዝናቡ እንደመጣው ሄደ። የጠፋው ሁለት እፍኝ በርበሬ ብቻ ነው። አምለሰት ጫማዋን ከጭቃ ስትጎትት ሳሌም እየሮጠች ወደ ሱቋ ሄዳ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ፎቶ አትማ ተመለሰች። እያለከለከች ሰጠቻት።

ፎቶው ዘመም ብሏል፤ ከሸራ ሥር የተነሳ ነው። በአንዱ ጥግ ሸራ የጨበጠ የሳሌም የራሷ እጅ ይታያል። መሪጌታ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጥላቸው ተገልብጦ በርበሬ ሞልቷል። ገነነ ፊቱ እንደ ተጨመቀ ሎሚ ሆኗል። የኖራው ሾላ ከኋላ፣ ኖራው በዝናብ እየታጠበ። ከመሀል አምለሰት ራሷን ተገልጣ፣ ሽበቷ ተበትኖ፣ የጎደሉት ጥርሶቿ ሁሉ ተቆጥረው።

«ካልፈቀዱልኝ አልልከውም» አለች ሳሌም። «ባል ሲሞት እንኳ ሻሽዎን ያላወለቁ ሴት ነዎት፤ አውቃለሁ። ቡሬን አስገባለሁ፣ ምንም አይደለም።»

ተራው ሁሉ ዙሪያውን ቆሞ ጠበቀ። አምለሰት ፎቶውን ወደ ብርሃኑ ዞር አድርጋ፣ አቅርባ፣ አርቃ አየችው። አየለችን አሰበች። ያን ሻሽ ሥር የከረመ ሽበት የቡሬ ሰው ሁሉ ሲያየው አሰበች። ከዚያ ጣቷን ከወረቀቱ ግርጌ አሳረፈች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ይህ፣ ከሁሉ ፊት፣ ግማሹን የያዘው።»

«የእርስዎ እንቅብ ነዋ፣ እትየ። ገባብኝ።»

«ገባ?»

«ገባ እንጂ። እሱ ባይገባ ፎቶው ባዶ ነበር።»

አምለሰት ሻሿን ከአንገቷ ላይ አንስታ በእርጋታ አሰረች፤ አሁን ከታሰረ ምን ዋጋ አለው፣ ግን አሰረች።

«ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች። «ይያዘኛ! ላኪው።»

ተራው እልል አለ። ገነነ ከሁሉ ቀድሞ።

ካላንደሩ ለእንቁጣጣሽ ደረሰ። አየለች ከቡሬ በጠዋቱ ደወለች። «አንቺ ሴት! ራስሽን ተገልጠሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ! ማንን ነው እንደዚያ የምትሰድቢው?»

«አንቺን» አለቻት አምለሰት፣ ደስ ብሏት።

እስከ ዛሬ ፎቶውን ያየ ሁሉ ሴትየዋ ምን ብላ እንደምትጮህ ይከራከራል። ገነነ ሲጠየቅ «ስትባርከኝ ነው» ይላል፤ ማንም አያምነውም። አሸንዳውን ግን አዙሮታል። የውዳሴ ጎንም ድኗል።

አንድ ጉዳት ብቻ ደርሷል። በበርበሬ ተራ ቀን የሚያውቅ ሰው ጠፍቷል። በየቤቱ፣ በየሱቁ፣ በገነነ የስፌት መኪና በላይ ሳይቀር የተሰቀለው ካላንደር ሁሉ ጳጉሜ ላይ ተገልጦ ቀርቷል። የቅዱሳኑን በዓል ለማወቅ መሪጌታን ጠብቀው ይጠይቃሉ፤ እሳቸውም «በናንተ ቤት ጳጉሜ፣ በቤተ ክርስቲያን አሥራ ሁለት፣ ሚካኤል» ብለው ያልፋሉ።

ሳሌም አንድ ቀን መጥታ፣ «እትየ፣ ገጹን ይግለጡት እንጂ! ጥቅምት እኮ ገባ» ብትላት፣ አምለሰት ከእንቅቧ ዛላ እየመረጠች ቀና አለች።

«ጥቅምት?» አለች። «አየለችን ቤቴ አንጠልጥዬ? ትግባ ካልሽ በእግሯ ትምጣ፤ በርበሬ እሰጣታለሁ።»